ምዕራፍ አምስት፦ ከጨካኙ ይልቅ ጎረቤቱን

ለአንድ ተማሪ የዲስቶፒያ ልብ ወለድ ሰጥታችሁ «ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ጭብጡ የተሰማህን ጻፍ» ብትሉት፣ ይዞ የሚመጣውን ድርሰት ገና ሳታነቡት መገመት ትችላላችሁ። ጭብጡ ክትትል ነው፤ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ የነጻነት መታፈን ነው ይላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጀግና፣ ገዢው ጨካኝ ይሆናሉ። ማሳረጊያው ደግሞ ደራሲው አምባገነንነት ክፉ መሆኑን አስተምሮናል የሚል ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር አታገኙም። ሆኖም እንዲህ የተነበበ መጽሐፍ አንባቢውን አይነካውም። መከራው የሩቅ አገር መከራ፣ ጥፋቱም የአንድ ክፉ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢውም ራሱን ከደሙ ንጹሕ አድርጎ መጽሐፉን ይከድናል።

እኔ በዚህ ምዕራፍ የማቀርበው ሌላ የአነባበብ መንገድ ነው። በዲስቶፒያ ልብ ወለድ ውስጥ ጨካኙን ለጊዜው እንተወውና ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ ምሳ አብሮ የሚበላውን ሰው እናንብብ። ክፉ ሥርዓት የሚቆመው ትጉህ ሠራተኛ፣ ደግ ጎረቤትና የተማረ ሰው ሲሸከሙት ነው፤ ታላላቆቹ የዘውጉ ደራስያን ይህን ስለሚያውቁ ትልቁን ጥበባቸውን ያፈሰሱት በትናንሾቹ ገጸ ባሕርያት ላይ ነው። ለማስረጃ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እወስዳለሁ፤ ከዚያም ወደ ራሳችን አቤ ጉበኛና በዓሉ ግርማ እሻገራለሁ። የውጭ መጻሕፍትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ስለ ዘውጉ ጥቂት ልበል። ዲስቶፒያ ደራሲው በዘመኑ ያየውን አንድ አዝማሚያ ይዞ «ይህ ነገር እንዲሁ ቢቀጥል የት ያደርሰናል?» እያለ እስከ ጥጉ የሚገፋበት የልብ ወለድ ዓይነት ነው። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን ከአብዮቱ ማግስት በጻፈው ልብ ወለድ ሰዎች በስም ፈንታ ቁጥር ይዘው በመስታወት ቤት ሲኖሩ አሳየ። አልደስ ሃክስሊ በ1932 ሕዝቡ በደስታ ክኒን የሚገዛበትን ዓለም ሠራ። ሬይ ብራድበሪ በ1953 የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋታቸው ቀርቶ መጻሕፍት የሚያቃጥሉበትን፣ ማርጋሬት አትዉድ በ1985 ሴቶች ለመውለጃ ብቻ የሚያዙበትን አገር ጻፉ። እነዚህ ደራስያን ስለ ወደፊቱ ጊዜ የጻፉ ቢመስሉም ዓይናቸው በዙሪያቸው ባለው ነገር ላይ ነበር።

ኦርዌልም እንዲሁ ነው። ትክክለኛ ስሙ ኤሪክ ብሌር ነው። በ1903 ሕንድ ውስጥ ተወለደ፤ በወጣትነቱ በበርማ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ አገለገለ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዘምቶ አንገቱን በጥይት ተመታ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ ወደ ሕንድ የሚተላለፍ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የገዢው ዱላ በእጁ ነበረ፣ የመንግሥትን ድምፅም በማይክሮፎን አስተላልፏል። «1984»ን የጻፈው የሳንባ ነቀርሳ እየጎዳው ጁራ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ ነው። መጽሐፉ በሰኔ 1949 ወጣ፤ እሱ በጥር 1950 በ46 ዓመቱ አረፈ።

የእኅቴ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ሥነ ጽሑፍ ትማራለች። ይህን መጽሐፍ ስታነብ የያዘችውን የማስታወሻ ደብተር አሳይታኝ፣ ሐሳቧን ለዚህ ምዕራፍ እንድጠቀምበት ፈቅዳልኛለች። ደብተሩ በክፍል ከሚሰጠው ድርሰት እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱም የተጻፈው ለማርክ ሳይሆን እየተናደደች ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ከማንበቤ በፊት እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ዊንስተንን ልወደው አልቻልኩም።»

«ምነው? ምን አደረገሽ?»

«ሥራውን ይወዳል! ሲዋሽ ደስ ይለዋል። ይሄ ሰው ምኑ ነው ጀግና?»

ጎበዝ አንባቢ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የ«1984» ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ የሚሠራው የእውነት ሚኒስቴር በሚባል መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራው አሮጌ ጋዜጦችን እንደገና መጻፍ ነው። አገሩን የሚገዛው ፓርቲ የተነበየው ሳይሆን ሲቀር ትንቢቱን ይለውጣል፤ የተወገደ ሰው ስም ሲያገኝ ይፍቃል፤ ዋናውን ወረቀት ወደ እሳት በሚወስደው ቀዳዳ ይጥላል። አንድ ቀን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ የተመሰገነ፣ ኋላ ግን የተወገደ ባለሥልጣን ያጋጥመዋል። ምስጋናውን ማጥፋት ስላለበት ከራሱ ጭንቅላት አዲስ ጀግና ይፈጥራል፦ ጓድ ኦጊልቪ። ይህ ጓድ በልጅነቱ የገዛ አጎቱን ለፖሊስ ያጋለጠ፣ ላያገባ የማለ፣ በ23 ዓመቱ ምሥጢር በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ከሄሊኮፕተር ወደ ባሕር ዘሎ የሞተ ነው። ኖሮ አያውቅም፤ ነገ ግን መኖሩን የሚጠራጠር አይገኝም። ዊንስተን ይህን ሲጽፍ አይሸማቀቅም። የተዋጣለት ባለሙያ የሚሰማው እርካታ ይሰማዋል።

የእኅቴ ልጅ ሁለት ነገር ጨምራ መዝግባለች። ዊንስተን ልጅ ሳለ በረሃብ ዘመን የታናሽ እኅቱን ቸኮላት ነጥቆ ሮጧል። ኋላም ኦብራየን የሚባለው ሰው የተቃዋሚዎች ማኅበር አባል መስሎ ሲቀርበው፣ ለዓላማው ሲል በሕፃን ፊት ላይ አሲድ መድፋት እንኳ ቢያስፈልግ ዝግጁ መሆኑን ጠይቆት እሺ ብሏል። ሁለተኛውን ነጥብ ብዙ አንባቢ አልፎት ይሄዳል። ኦብራየን ግን አላለፈውም፤ ዊንስተን ታስሮ «እኔ ከእናንተ በምግባር እበልጣለሁ» ብሎ ሊሟገት ሲል ያንኑ ቃሉን መልሶ ያሰማዋል።

ለእኅቴ ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው፦ ኦርዌል ንጹሕ ጀግና ሊሰጠን ቢፈልግ ኖሮ ቀላል ነበር፤ እስር ቤት የሚማቅቅ አርበኛ ወይም ገበሬ ይመርጥ ነበር። የመረጠው ግን የሐሰት ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ የሚበላ ጸሐፊ ነው። ዊንስተን ሥርዓቱን ይጠላል፣ ሥርዓቱን ደግሞ በየቀኑ ያመርታል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ነው።

ፓርሰንስ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታይባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው፤ እኔ ግን ከፓርቲው መሪ ከታላቁ ወንድም ይልቅ እሱን እፈራለሁ። የዊንስተን ጎረቤት ነው። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ሰው የሚወድ፣ ከሰልፍና ከስብሰባ የማይቀር፣ ለበዓል ማድመቂያ መዋጮ የሚሰበስብ ነው። ሚስቱ የቤት ቧንቧ ሲደፈንባት ዊንስተን ሄዶ ይሠራላታል። ፓርሰንስ በክፋት የሚያደርገው ምንም ነገር የለም። ልጆቹ የሕፃናት ሰላዮች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ትንሿ ልጁ አንድ የማታውቀውን ሰው ጫማው ስላላማራት ተከታትላ ማስያዟን በኩራት ያወራል። መጨረሻ ላይ ዊንስተን ፓርሰንስን እስር ቤት ያገኘዋል። በእንቅልፍ ልቡ ታላቁን ወንድም ሲረግም ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ አጋልጣዋለች። እሱ ግን አይቆጣትም። በደንብ አሳድጌያታለሁ ብሎ ይኮራባታል።

ይህን ገጸ ባሕርይ አንድ የለንደን አንባቢና አንድ የባሕር ዳር አንባቢ በእኩል መንገድ ያነቡታል ብዬ አላምንም። ለእኛ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል። ቡና የምንጠራራው፣ ልጅ የምናስጠብቀው፣ ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክልልን እሱ ነው። ስለዚህ ደራሲ የኢትዮጵያን ዲስቶፒያ እጽፋለሁ ቢል በየግድግዳው ላይ የሚያይና የሚሰማ ስክሪን መስቀል አያስፈልገውም። እድሩንና የቡናውን ረከቦት ብቻ ማጣመም ይበቃዋል። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ዘመን ይህ በእርግጥ ደርሷል። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰው ራሱንና ወዳጁን እንዲያጋልጥ ሲደረግ፣ የተገደለ ልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ሲጠየቅ፣ በገዛ ቤቱ ድምፅ አውጥቶ እንዳያለቅስ ሲከለከል፣ ትእዛዙን ያስፈጽሙ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። የአብዮት ጥበቃ ጓዱ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት የአንዲት እናት የጡት ልጅ፣ የሌላዋ ደግሞ የክርስትና ልጅ ነበር። ያን ዘመን ያየ አዛውንት ፓርሰንስን አይቶ «አውቀዋለሁ» ይላል። ወጣቱ አንባቢ ግን ሊጠይቀው የሚገባው «ማን ነበር?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «እኔስ በየትኛው ሰዓት እሱን እመስላለሁ?» ብሎ ነው።

የዊንስተን የሥራ ባልደረባ ሳይም ደግሞ የተማረው ሰው ነው። የፓርቲውን አዲስ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል፤ ሥራው ግን ቃላትን መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ፓርቲው የሚፈልገው እያንዳንዱ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው፣ ከዚያም ለአመፅ የሚሆን ሐሳብ የሚታሰብበት ቃል እንዲጠፋ ነው። ሳይም ይህን ለዊንስተን በምሳ ሰዓት ሲያስረዳ ዓይኑ በፍቅር ይበራል። ዊንስተን ያን ጊዜውኑ ሰውየው እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ነገሩን ከሚገባው በላይ አጥርቶ ያያልና። እንዳሰበውም አንድ ጠዋት ሳይም ከሥራ ይቀራል፤ ስሙም ከቼዝ ኮሚቴ አባላት ዝርዝር ላይ ይነሳል፤ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ የእኅቴ ልጅ ደብተር አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዟል። በኅዳጉ ላይ ያሰፈረችው «የቅኔ ተማሪ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ምን ለማለት እንደፈለገች ስጠይቃት ሳቀችና፣ «አያቴ ቅኔ ቤት የነበረ ሰው ነው ይሉ የለ? እሱን ሳይም ምን ያደርገው ነበር?» አለችኝ። በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። የቅኔው መሠረት ሰምና ወርቅ ነው፤ አንዱ ቃል ለጆሮ አንድ ነገር ይነግራል፣ ለልብ ሌላ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ መንገር ነውር ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ መፍጠር ግድ ነው። የሳይም መዝገበ ቃላት ሊያጠፋው የሚፈልገው ነገር ቢኖር በትክክል ይህ ነው። በኦርዌል ዓለም ለሕዝቡ ዘፈን የሚደርሰው መሣሪያ ነው፤ የዊንስተን ፍቅረኛ ጁሊያ የምትሠራበት ክፍልም ልብ ወለድ የሚጽፉ ማሽኖች የተደረደሩበት ነው። በቅኔ ቤት ግን ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ሰም ለብሶ ወርቅ ይናገራል፤ ንጉሥ ፊት ቆሞ ንጉሥን ይወቅሳል፤ ንጉሡም ገብቶት ዝም ሊል ይችላል። ይህ ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው በአስጨናቂ ዘመን ሐሳቡን ይዞ የሚሻገርበት መሣሪያ ነው። የዲስቶፒያን ጭብጥ የሚያጠና የጎጃም ተማሪ ስለ ቋንቋ አፈና ሲጽፍ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ስለ ጁሊያ አጭር ልሁን። ብዙ ተማሪዎች ጥልቀት የሌላት ይሏታል፤ ኦርዌልም ለሴት ገጸ ባሕርያት የሚሰጠው ቦታ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከዊንስተን ይልቅ ዓለሙን በትክክል የምታውቀው እሷ ናት። ፓርቲው የሥጋን ደስታ የሚጠላው ያን ጉልበት ለሰልፍና ለጥላቻ ስለሚፈልገው መሆኑን የነገረችው እሷ ናት።

ኦብራየንን ደግሞ እንደ ገራፊ ብቻ ማንበብ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ የምቀበለው አይመስለኝም። ኦብራየን መምህር ነው። የዊንስተንን ሐሳብ ከዊንስተን በላይ ያውቃል፤ ይቀጣል፣ ይመክራል፣ ያጽናናል። ሁለትና ሁለት አምስት መሆኑን ዊንስተን በአፉ እንዲናገር ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ አምኖ እንዲያየው ነው። ዊንስተን የኦብራየን ዕውቀትና ትሕትና ስለማረከው ራሱ ሄዶ እጁ ላይ ወደቀ። የተማረን ሰው ከልኩ በላይ በምናከብርበት አገር ይህ ገጸ ባሕርይ ረጅም ውይይት ይገባዋል።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንመለስ። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ራሱ ከዚህ ሐይቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1900 ሮም ላይ የታተመውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ነው። ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ፣ አቸፈር ውስጥ ደግሞ በ1925 አቤ ጉበኛ ተወለደ። የቤተ ክህነት ትምህርትና ቅኔ ቀስሞ አዲስ አበባ ገባ፤ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራ በኋላ በብዕሩ ለመኖር ሥራውን ተወ። በ1950ዎቹ አጋማሽ «አልወለድም»ን አወጣ። የመጽሐፉ መነሻ እስካሁን ሰውን ያስደነግጣል፦ በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወለድም ብሎ ይሟገታል።

ይህ ዲስቶፒያ ነው፤ እኔ ያለ ማመንታት እንዲህ ብዬ እጠራዋለሁ። ኦርዌል ክፉውን ዓለም ለማሳየት ጊዜውን 35 ዓመት ወደ ፊት ወሰደው። አቤ ግን ጊዜውን አልነካውም፤ ተመልካቹን ነው የለወጠው። ገና ያልለመደ፣ ገና ያልተደራደረ፣ ደመወዝ ያልበላ፣ ጎረቤት የሌለው ዓይን ፈጠረና በዚያ ዓይን የዘመኑን ኢትዮጵያ አሳየን። ዊንስተን በሥርዓቱ ውስጥ ስለሚኖር ዓለሙ ክፉ መሆኑን ለማረጋገጥ የልጅነት ትዝታውን ይቆፍራል፤ የሚያነጻጽርበት ሌላ ነገር የለውምና። የአቤ ፅንስ ማነጻጸሪያ አያስፈልገውም። ግፍን ግፍ ለማለት ሌላ አገር ወይም ሌላ ዘመን ማየት አላሻውም። በዚህ አንጻር አቤ ከኦርዌል ይልቅ በሰው ልጅ ላይ እምነት አለው፤ ፍትሕን የማወቅ ችሎታ ከእናታችን ማኅፀን ይዘነው የምንመጣው ነው እያለን ነውና። ይህን በአንድ የክፍል ውይይት ሙሉ ሰዓት ሊያከራክር የሚችል ሐሳብ ይዘን፣ በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን አቤን ከዓለም ዲስቶፒያ ጎን አለማስቀመጣችን ያሳዝነኛል።

መጽሐፉ እንደወጣ ታገደ፤ ቅጂዎቹ ተሰብስበው ተቃጠሉ። አቤም በሕይወቱ እስርና ግዞት ቀምሷል። ከባሕር ዳር ወደብ ጀልባ የተሳፈረ ሰው ብዙ ሳይርቅ ክብራን ገብርኤልን ያያል። በዚያና በሌሎቹ የጣና ገዳማት መነኮሳት የብራና መጻሕፍትን ከጦርነትና ከዘረፋ ጠብቀው ለዘመናት አቆይተዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጽሐፍ በሚያቃጥሉበት በብራድበሪ ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ ሰዎች መጻሕፍትን በቃላቸው አጥንተው ጫካ ውስጥ ይጠብቃሉ። አሜሪካዊ አንባቢ ይህን እንደ ምናብ ያነበዋል፤ ዳዊት በቃሉ የሚደግም አያት ያለው የእኛ ተማሪ ግን ይህን ሥራ በቤቱ ያውቀዋል። መጽሐፍን ለማዳን ይህን ያህል የደከመ ሕዝብ ልጅ የጻፈው መጽሐፍ በመንግሥት ትእዛዝ መቃጠሉ ከልብ የሚያስቆጭ ነው። አቤ በ1972 አረፈ። «አልወለድም» ግን ኋላ ዳግም ታትሞ ለአንባቢ በቅቷል።

ሁለተኛው መጽሐፋችን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 በኩራዝ አሳታሚ የወጣ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚካሄደው በ1974 በኤርትራ በተከፈተው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ውስጥ ነው። በዘውግ ሥርዓት ካየነው የፖለቲካ ልብ ወለድ እንጂ ዲስቶፒያ አይደለም፤ የፈጠራ ዓለም አልሠራምና። እኔ እዚህ የማመጣው በአንድ ምክንያት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። የዊንስተንን ታሪክ ያነበበ ሰው እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ ማለፍ አይችልም። ሁለቱም ቃል ሻጮች ናቸው። ሁለቱም የሚኖሩት መንግሥት ሰዎች እንዲያምኑት የሚፈልገውን በማዘጋጀት ነው። ለሁለቱም ከሥራቸው ውጪ ያለው እውነት የሚመጣው በፍቅር በኩል ነው።

ልዩነታቸው ግን የበለጠ ያስተምራል። ዊንስተን ሐሰቱን እያወቀ ይሠራል። ጸጋዬ ግን የሚሰብከውን ያምናል፣ ወይም ማመን ይፈልጋል፤ አገሩን ይወዳል፣ ዘመቻው ሰላም ያመጣል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ፓርሰንስንና ዊንስተንን በአንድ ሰው ውስጥ አዋሕዳችሁ ብታስቡ ጸጋዬን ታገኛላችሁ፦ ቅን አማኝና አዋቂ ባለሙያ በአንድ አካል። ጥርጣሬው ቀስ በቀስ የሚገባው ከመጽሐፍ ወይም ከተቃዋሚ ስብከት አይደለም። ባለሥልጣናቱን በቅርብ በማየትና የዘመቻው ዒላማ የሆነችውን ናቅፋን ለመያዝ የሚረግፈውን ወጣት በማየት ነው። በእውነተኛውም ዘመቻ ናቅፋ አልተያዘችም።

በዓሉ ይህን የጻፈው ከውጭ ሆኖ አይደለም። እሱ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ከዚያ በፊትም «መነን»ን፣ «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ ለዘመቻውም አስመራ ሄዶ ሠርቷል። ኦርዌል በቢቢሲ የቀሰመውን በዓሉ በከፋ ሁኔታ ቀስሞታል። መጽሐፉ ከመሸጫ መደብሮች ተሰበሰበ፤ ከገበያ የተረፈውን አንባቢው ተደብቆ ተቀባበለው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር በየካቲት 1984 ላይ ይውላል። ኦርዌል ለልብ ወለዱ በመረጠው ዓመት፣ በአዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደራሲ ከነቃሉ እንዲጠፋ ተደረገ። ኦርዌል ሳይምን በአንድ ጠዋት ሲያጠፋው በወረቀት ላይ ነበር፤ በዓሉ ግን ሚስትና ልጆች ነበሩት።

ይህን ስናወራ የእኅቴ ልጅ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ በዓሉ ቢያውቅ ኖሮ ባይጽፈው አይሻለውም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሱ የሚደርስበትን ሳያውቅ የጻፈው ይመስልሻል?» አልኳት። ጥያቄዋን ግን አልናቅሁትም። ዲስቶፒያን የሚያነብ ወጣት ሁሉ ውሎ አድሮ የሚደርስበት ጥያቄ ነው፤ መጻሕፍቱም የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። ኦርዌል ዊንስተንን ፈጽሞ ሰበረው፤ ለአንባቢው የተወለት አንዲት ፍንጭ ብትኖር በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ስለ አዲሱ ቋንቋ የተጻፈው አባሪ ነው። አባሪው ሥርዓቱን ባለፈ ጊዜ ሰዋስው ስለሚተርክ፣ አንዳንድ ሐያስያን ፓርቲው ኋላ መውደቁን ያሳያል ይላሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። አቤ በፅንሱ እምቢታ መለሰ። የበዓሉ መልስ መጽሐፉን ማሳተሙ ነው።

ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ተማሪ ምናልባት በቅርቡ ድርሰት እንዲጽፍ ይታዘዝ ይሆናል። ምክሬ ይህ ነው። ጭብጡን አስቀድመህ አትጻፍ፤ ጭብጥ ከሰው ውስጥ ይወጣል። ከትንንሾቹ ገጸ ባሕርያት አንዱን ምረጥና የሚበላውን፣ የሚፈራውን፣ የሚኮራበትን፣ ዝም ያለበትን ሰዓት ከመጽሐፉ እየለቀምክ አስፍር። ከዚያ በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ከተማ ቢኖር ሥራው ምን እንደሚሆን ጠይቅ፤ በየትኛው እድር ይመዘገብ ነበር? ማን ይወደው ነበር? ስለ ቀይ ሽብር ዘመን አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ያን ዓመት በቀበሌ አዳራሽ የተቀመጡ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ወደ ኦርዌል የምትሄዱ ሁሉ «አልወለድም»ንና «ኦሮማይ»ን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ መምህራንም እነዚህን ሦስት መጻሕፍት በአንድ ሴሚስተር፣ በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን አስተምሩልን።